ምሰሶ ቁጥር አርባ ሰባት

ሮብሌ፣ በእናቱ ቋንቋ፣ ከዝናብ ጋር የመጣ ማለት ነው።
ነሐሴ ሲገባ ግን፣ በስሙ ስጠራው ያፍራል፤
ደመናውን ከደንገጎ ጎትቶ፣ መብራቱን ያጠፋ ይመስለዋል።
"ነጂሃ፣ አቦ፣ ታገሺኝ" ይላል፤
መሰላሉን በባጃጅ ጭኖ፣ ከጎሮ ማዶ ይሄዳል፤
ቁጥር አርባ ሰባት ምሰሶ፣ ጎርፍ እግሩን በልቶት ዘምሟል።

ያየዋል። ዙሪያውን ይዞራል። ይመለሳል።
ትናንትም እንዲሁ ነበር፣ ያለፈው ሳምንትም እንዲሁ።
ምሰሶው እንደ ሰካራም፣ በሁለት አስተዳደር ተኝቶ፣
እግሩ እዚህ ነው ሲሉት፣ ራሱን እዚያ ዘርግቶ፤
ሊያቃናው የሄደ ሁሉ፣ "በማን መሬት ቆመህ?" ይባላል፤
ጉድጓድ ከቆፈረማ፣ ወሰን ቆፈረ ይባላል።

ደብዳቤ ጻፍኩ። ወፍጮዬ ከቆመ ወዲህ፣
እህል መመዘን ትቼ፣ ቃል እመዝናለሁ እንዲህ።
የእኛው ቢሮ፦ "ሽቦው የእኛ፣ መሬቱ ግን የእነሱ ነው።"
የእነሱ ቢሮ፦ "መሬቱ የእኛ፣ ሽቦው ግን የእናንተ ነው።"
ሦስተኛው ከአዲስ አበባ፣ በክብ ማህተም፣ በሰማያዊ ቀለም፦
"ወሰኑ እስኪካለል ድረስ፣ ምሰሶው ባለበት ይቁም።"
ባለበት ይቁም!
የተኛን ነገር ባለበት ይቁም፣ በየት አገር አማርኛ ነው?

ማታ ማታ፣ ባለ ድንጋዩ ሬዲዮ፣
ግድቡ ሞላ ይለናል፣ እልል በሉ ይለናል።
እኔም እልል እላለሁ፣ ከልቤ ነው፣ ቦንድ ገዝቼበታለሁ፤
ግን ወዲያ ውሃ ሲሞላ፣ እዚህ ኩራዝ ይሞላል።

ከጣራዬ በላይ ደግሞ፣ ትልቁ መስመር ያልፋል፤
ወደ ባሕሩ አገር፣ እንደ ንብ እያዜመ ያልፋል።
ይሽጡት፤ መሸጥ ነውር አይደለም፣ እኔም ነጋዴ ነኝ፤
ብቻ አሮጌው ባቡር እንኳ፣ ለገሃር ሲደርስ ይቆም ነበር፣
ውሃውን ይጠጣ ነበር፣ ብርቱካን ይገዛ ነበር።
ይሄኛው እጅ ቢያወጡለትም አያይ።

ሙሚና ከወዲያ ማዶ፣ በአህያ ማሽላ ጭና፤
ዛህራ ከወዲህ ሰፈር፣ ግማሽ ኩንታል አሸክማ፤
በረንዳዬ ላይ ስድስት ቀን፣ ጆንያቸው ተደጋግፎ ከረመ።
ማሽላው አንድ ዓይነት ነው።
ነቀዙም አንድ ዓይነት ነው።
ሁለቱም ሲጠብቁ፣ ነቀዙ ሳይጠብቅ ፈጨ።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ዶፉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ሮብሌ መጣና ባዶ ኬሻ ለመነኝ።
"ለምን?" አላልኩትም። ሃያ ሰጠሁት።
የደቻቱን አሸዋ ሞላበት፣ የአይሱዙ ገመድ ተዋሰ፤
ጉድጓድ አልቆፈረም፣ ወላሂ፣ አንድ ስንዝር አልቆፈረም፤
ደገፈው፣ አሰረው፣ ወጣበት፣
ማን መሬት ላይ እንደቆመ፣ ጨለማው አልጠየቀው።

ሊነጋጋ ሲል ወፍጮው፣ በባዶ ቤት አገሳ፤
ማጥፊያውን ረስቼ ነበር፣ ያኔ እንደጠፋ።
በባዶ እግሬ ሮጥኩ፣ ጎረቤት ሌባ መስሎት ወጣ፤
አምፖሉን ሲያይ ግን ዝም ብሎ፣ በሩ ላይ ተቀመጠ።

ሦስት ቀን።
ዱቄት በቅንድባችን፣ ሳቅ በጉሮሯችን።
በአራተኛው ቀን ደብዳቤ፣ አንድ ፖስታ፣ ሁለት ማህተም፤
ሁለቱ ቢሮ በአንድ ቃል፣ ሲስማሙ አይተን አናውቅም፦
"ያለ ሥልጣኑ፣ ያለ ፈቃድ፣ አከራካሪ ምሰሶ ያቀና፣
ሠራተኛ ሮብሌ ዋይስ..."

አምፖሉ ሥር ቆመን፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።
እሱ መሰላሉን ተደግፎ፣ ጥፍሩ ውስጥ አሸዋ ነበረ።
ሁለተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ፣ ደንገጎ ላይ ነጎደ፤
መብራቱ ሄደ።

ፊርማዎቹን በክብሪት አየናቸው።